በጉ ደረሰ፣ ቃሉ ግን አልደረሰም

የንባብ ክፍል፦ ማቴዎስ 5፥23-24፤ ሮሜ 5፥1-11፤ ቆላስይስ 1፥19-22



እኛ ወረኢሉ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ዛሬ የምናካፍላችሁ የድል ምስክርነት አይደለም። ጥፋታችንን ነው። ጌታ ግን በጥፋታችን ውስጥ አስተምሮናልና፣ ከእናንተም መካከል በዓል በመጣ ቁጥር ልቡ የሚከብደው ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል ብለን ጻፍነው።

ነገሩ የጀመረው በልጃችን የታሪክ ደብተር ነው። አንድ ማታ፣ የወረኢሉ ብርድ ከምድጃው ዳር አላስነሳ ሲለን፣ ልጃችን ለፈተና የምታጠናውን ጮክ ብላ ታነብልን ነበር። ስለ ዋተርሉ ነበር። ጁን 18 ቀን 1815 እ.ኤ.አ.፣ ዕለቱ እሑድ፣ አገሩ የዛሬዋ ቤልጂየም። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አደረ፤ ናፖሊዮን መሬቱ እስኪጠጥርለት ብሎ ውጊያውን ወደ ረፋድ አዘገየው። ዌሊንግተን ኮረብታው ላይ ጸንቶ ቆየ፤ ከሰዓት በኋላ የብሉቸር የፕሩሲያ ጦር ደረሰለት። ሲመሽ ዓመታት የፈጀው ጦርነት በአንድ ቀን ተቆረጠ። አውሮፓን ያንቀጠቀጠው ሰው በግዞት ቅድስት ሄለና ደሴት ላይ ሞተ።

ልጃችን ደብተሯን ዘጋችና "የእኛስ አገር ዋተርሉ የት ነው?" አለች።

ወረኢሉ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ክተቱን ነው። አጼ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ወደ አድዋ የሚዘምተውን ጦር የቀጠሩት እዚህ ነው። እኛ የምንኖረው ጦርነት በሚጀመርበት ከተማ ነው። ልጃችን የጠየቀችን ግን ጦርነት ስለሚያበቃበት ቦታ ነበር። ጥቂት አሰብንና "መቅደላ" አልናት። ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው። ለእሷ ለማስረዳት ብለን ታሪኩን ቀን በቀን ስናወጣው ግን ታሪኩ ዞሮ እኛኑ ያዘን።

መቅደላ ለወሎ ሰው የድፍረት ትዝታም የሐዘን ትዝታም ነው። አጼ ቴዎድሮስ የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ፣ እጅ ከመስጠት ሞትን የመረጡ ንጉሥ ናቸው፤ ስማቸው ሲነሣ ዛሬም የሰው ደረት ይነፋል። ወሎን ግን ብዙ ጊዜ ዘምተውባታል፤ የወሎ ባላባቶች ልጆችም በዚያ አምባ ታስረው ነበር። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወደ ወረሂመኖዋ ወይዘሮ ወርቂት መጣ። የገዛ ልጇ በንጉሡ እጅ እስረኛ ነበር። ምኒልክ ማምለጡ ሲሰማ ልጇ ተገደለ፤ እሷ ግን ስደተኛውን ወደ ሸዋ ሸኘችው። ያ የሸኘችው ልጅ ነው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ አገሩን ወደ ወረኢሉ የጠራው። ይህችን እናት አስበን ልጃችን ፊት ዝም አልን።

ከዚያ ወደ መጨረሻው ሳምንት ደረስን። ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈው ደብዳቤ መልስ አጥቶ፣ ቆንስሉና ሌሎች አውሮፓውያን ታስረው፣ ጄኔራል ናፒየር ወደ 13,000 ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ በዙላ በኩል ገባ። በመቅደላ ከነበሩት አውሮፓውያን መካከል ወንጌልን ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ቫልድማየርና ጓደኞቹ። ንጉሡ ግን ጋፋት ላይ መድፍ አሠሯቸው። ሴባስቶፖል የተባለው ሰባ ኩንታል የሚመዝን መድፍ የእነሱ እጅ ሥራ ነው። ንጉሡ መንገድ እየጠረጉ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በወራት ጉዞ አስጎተቱት። ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ተቀምጧል። መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የመጡ እጆች መድፍ ሲያቀልጡ ማሰብ ለእኛ ለአማኞች ቀላል አይደለም። ግን በእነሱ ለመፍረድ አልተቻኮልንም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታዩታላችሁ።

ልጃችን ቀኖቹን አንድ በአንድ ስትጽፍ ቆየችና ቀና ብላ "ሰሙነ ሕማማት ነው እኮ!" አለች። እውነቷን ነው። በዚያ ዓመት የእኛና የአውሮፓውያን ፋሲካ በአንድ ቀን ውሎ ነበር።

ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሡ በቁጣ ሁለት መቶ ያህል እስረኞችን ከገደል አስወረወሩ።

ስቅለት፣ ሚያዝያ 3፣ እንግሊዞች በሽሎን ተሻግረው ወጡ። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን እየመራ ከከፍታው ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደ። ነጎድጓድና ዝናብ ነበር። ከኋላ የሚጎርሰው አዲሱ ጠመንጃ የሚወርደውን ሰው አጨደው። ሲመሽ ፊታውራሪ ገብርዬና ሰባት መቶ ያህል ወገኖቻችን ወድቀዋል፤ ከሺህ በላይ ቆስለዋል። ከእንግሊዞች ወገን የቆሰሉት ሃያ ናቸው፤ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። የመቅደላ ዋተርሉ ይህ ነው። ከአሮጌ በኋላ የቀረው የሁለት ቀን ደብዳቤ ነበር።

ቅዳሜ መልእክተኞች ተመላለሱ። ናፒየር እጅዎን ይስጡ አለ። ንጉሡ የቁጣ መልስ ጻፉ፤ ራሳቸውንም ለማጥፋት ሞከሩ፤ መኳንንቶቻቸው ከለከሏቸው። ማታ ቆንስሉንና ሌሎቹን እስረኞች ለቀቁ።

የፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 5፣ ሌላ ደብዳቤ ተጻፈ። ለቅዳሜው የቁጣ ቃል ይቅርታ የሚለምንና በዓል ነውና ላሞችና በጎች ልላክ የሚል። ሺህ ላምና አምስት መቶ በግ ተነዳ። እኛ አገር የዚህን ትርጉም የማያውቅ የለም። የላከውን ከበላህለት ታርቀሃል ማለት ነው። ስጦታው ተቀባይነት አግኝቷል የሚል ቃል ለንጉሡ ደረሳቸው። ደስ አላቸው። የቀሩትን አውሮፓውያን፣ የጋፋት ባለሙያዎችን ጭምር፣ ከነቤተሰቦቻቸው ለቀቁ። ሰላም ሆነ ብለው አመኑ።

ላሞቹ ግን ከእንግሊዝ ዘቦች መስመር ውጭ ቆመው ነበር። ናፒየር አልተቀበለም። ንጉሡ ይህን ሲሰሙ ሁሉም ነገር አበቃ። በማግስቱ ሰኞ በሩ ተሰበረ። ንጉሡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ሰባት ዓመት ያህል የሆነው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ።

ልጃችን "ስጦታው እርቅ አልሆነም ማለት ነው?" ብላ ጠየቀች። እኛ ተያየን። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ በግ ነበር።

አሁን የእኛን እንንገራችሁ።

ከሁለታችን የአንዳችን ታላቅ ወንድም አለ። ሁለታችንም አያ እንለዋለን። እናታችን ካረፈች በኋላ ገጠር ባዶ ቤቷና ከቤቷ ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ቀረ። ዛፉን የተከለው አባታችን ነው፤ ችግኙን ውኃ እየተሸከመ ያሳደገው ግን ያኔ ልጅ የነበረው አያ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አያ ታሞ ደሴ ለወራት ሲታከም፣ የእኛ ቤት ጣሪያ ያፈስ ነበር። ነጋዴ መጣ፤ ዋጋ ነገረን፤ ዛፉን ሸጥነው። በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ። "ሲድን እንነግረዋለን" ተባባልን። ድኖ መጣ፤ አልነገርነውም። ግንድና ቅርንጫፍ የሌለበትን ባዶ መሬት በዓይኑ አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን አልመጣም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ይኸውላችሁ። አያ ኦርቶዶክስ ነው። እኛ ወደ ወንጌላውያን ኅብረት ከመጣን ቆይተናል፤ አያ ግን በዚህ ምክንያት አንድም ቀን ከማዕዱ አላራቀንም ነበር። እኛ ግን ሲያኮርፈን በጸሎት ኅብረታችን ቆመን "ወንድማችን በእምነታችን ምክንያት ጠልቶናልና ጸልዩልን" አልን። ወገኖች አለቀሱልን፣ ጾሙልን። ስለ ጌታ ስም ስደት እንደተቀበለ ሰው ተጽናናን። ስለ ባሕር ዛፉ ለማንም ትንፍሽ አላልንም። ጌታ ይቅር ይበለን፤ የሌብነታችንን ውጤት መስቀል ብለን ተሸከምነው። የጋፋት ሰዎች ላይ ለመፍረድ ያልተቻኮልነው ለዚህ ነው። ቅዱስ ነገር ይዘን ወጥተን ሌላ ነገር ስንሠራበት መገኘት እንዴት ቀላል እንደሆነ ከራሳችን እናውቀዋለን።

ያለፈው ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ ልባችን ከበደን። ተመካከርንና ከገበያ ጥሩ ሙክት ገዝተን በልጃችን እጅ ሰደድንለት። "እንኳን አደረሰህ" የሚል ቃል ብቻ ነው የያዘችው። ተመልሳ "ተቀበለኝ፣ ዳቦም ቆረሰልኝ" አለች። እፎይ አልን። "ታረቅን" ተባባልን። በኅብረታችንም ጌታ ጸሎታችንን መለሰ ብለን መሰከርን።

ክረምቱ ሲወጣ የአንድ ዘመድ ለቅሶ ላይ ተገናኘን። አያ በአጠገባችን አለፈ፤ ሰላም አላለንም። ደማችን ፈላ። በጉን በልቶ ይኮራብናል ብለን አጉረመረምን። እዚያው ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ አንድ የሠፈር ሽማግሌ፣ ሸህ ናቸው፣ የአካባቢውን ጠብ ሁሉ ሲያበርዱ የኖሩ፣ ሰሙን። ቡናቸውን ፉት አሉና "በጉማ ደርሶታል፤ ቃሉ ነው ያልደረሰው" አሉን። ሌላ አልጨመሩም።

ያን ጊዜ ተቆጣን እንጂ አልገባንም ነበር። የገባን ልጃችን ስለ መቅደላ ላሞች የጠየቀችን ማታ ነው።

ወገኖች ሆይ፣ ጌታ ኢየሱስ በተራራው ስብከቱ የተናገረውን ብዙ ጊዜ አንብበነዋል። መባህን ወደ መሠዊያው አምጥተህ ወንድምህ አንዳች እንዳለብህ ብታስብ መባህን እዚያው ተው፤ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ፤ ከዚያ መጥተህ አቅርብ ይላል። ለዓመታት ስናነበው ያላስተዋልነው ነገር አለ። ጌታ ቂም የያዘውን ሰው አይደለም ሂድ ያለው። ቂም የተያዘበትን ነው። በዳዩ ነው የሚሄደው። ደግሞም መባውን ወስደህ ለወንድምህ ስጠው አላለም። መባው ባለበት ይቆያል፤ የሚሄደው ሰውየው ራሱ ነው። እኛ ግን ራሳችን ቀርተን በጉን ልከን ነበር፤ ያውም በልጅ እጅ።

ስጦታ ደካማ ነገር ስለሆነ አይደለም። ማዕድ መቋረስ ትልቅ ነገር ነው፤ የወሎ ሰው እስላሙም ክርስቲያኑም ይህን ያውቃል። ነገር ግን ስጦታ ተናግሮ አያውቅም። የላከው ሰው "በደልኩ" ማለቱ ነው ይላል፤ የተቀበለው ሰው "የበዓል ነው" ይላል፤ በመካከል ያለው እውነት ሳይነገር ይቀራል። ከዚያ ላኪው ታረቅሁ ብሎ ይተኛል፤ ሲነቃ ጦርነቱ አላበቃም። አጼ ቴዎድሮስ ቢያንስ ይቅርታ የሚለምን ደብዳቤ ከላሞቹ ጋር ጽፈዋል። እኛ ለገዛ ወንድማችን ያንን እንኳ አልጻፍንም።

ይህን ስናስብ ዓይናችን ወደ ሌላው ስቅለት ሄደ። የሰው ሁሉ የመጨረሻ ጦርነት የተካሄደው በዚያ ዓርብ ነው። አሮጌ ላይ የወደቁት ለንጉሣቸው የሞቱ ወታደሮች ናቸው፤ ጎልጎታ ላይ ግን ንጉሡ ራሱ ስለ ጠላቶቹ ሞተ። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ከእግዚአብሔር ጋር የታረቅነው ገና ጠላቶች ሳለን በልጁ ሞት ነው ይላል። ለቆላስይስ ሰዎችም ሰላም የተደረገው በመስቀሉ ደም እንደሆነ ይነግራቸዋል። ልብ በሉ፣ እግዚአብሔር ከእኛ የተነዳ ላምና በግ አልጠበቀም። የበደለው ሰው ሆኖ ሳለ የመጣው ግን የተበደለው አምላክ ነው። ስጦታ ልኮ አልቀረም፤ ራሱ መጣ። በጉም ቃሉም እሱ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ እንደሆናችሁ እናውቃለን። ምናልባት እናንተም ለእግዚአብሔር ብዙ ነገር ስትልኩ ኖራችሁ ይሆናል፤ ስእለት፣ ምጽዋት፣ መልካም ሥራ። ተቀበለኝ ወይስ ላሞቼ ከመስመሩ ውጭ ቆመው ይሆን የሚለው ጥያቄ ሌሊት ሌሊት ያስጨንቃችኋል። ወንጌል የሚለው ይህ ነው፦ የመጨረሻው ጦርነት አልቋል፣ ሰላሙን እሱ ራሱ አድርጎታል፤ ኑ፣ እመኑት።

ይህንን ሰላም በነጻ የተቀበለ ሰው ደግሞ ወንድሙ ጋ ለመሄድ እግሩ ሊከብደው አይገባም። የእኛ ግን ከብዶ ነበር። ከዚያ ማታ በኋላም ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

ዘንድሮ ከስቅለት በፊት ባለው ቅዳሜ ባዶ እጃችንን ሄድን። ባዶ እጅ መሄድ እንዴት እንደሚያሳፍር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አያ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቁጭ በሉም አላለን። ቆመን ተናገርን። "አያ፣ አንተ ታመህ ሳለህ ባሕር ዛፉን ሸጥነው። ያንተንም ድርሻ በላን። በሃይማኖት ጠላን ብለንም ስምህን አጠፋን። በድለንሃል፤ ይቅር በለን።"

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "ስንት ነበር?" አለ።

ገንዘቡን የጠየቀ መስሎን የሸጥንበትን ዋጋ ነገርነው፤ ድርሻውንም በየወሩ ልንከፍለው እንደተዘጋጀን ተናገርን። ራሱን ነቀነቀ። "ዛፉ ስንት ነበር?" አለ።

አናውቅም ነበር። ሳንቆጥር ነው የሸጥነው፤ ነጋዴው ነው የቆጠረው። አያ ተነሣና ወደ እናታችን ቤት ጀርባ ሄደ። ተከተልነው። ጉቶውን በዱላው እየነካ መቁጠር ጀመረ፤ እኛም አብረነው ቆጠርን። ሠላሳ ሰባት ነው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከአብዛኛው ጉቶ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ወጥተው ቁመታችንን አልፈዋል። አያ ስለ እነሱ ምንም አላለም። ሲጨርስ "ሠላሳ ሰባት" አለ፤ እኛም "ሠላሳ ሰባት" አልን። ከዚያ "በሉ ግቡ፣ ብርዱ መጣ" አለን።

ሁሉም ነገር ተፈወሰ አንላችሁም። አያ አሁንም ቤታችን አልመጣም። ገንዘቡን መክፈል ጀምረናል፤ ገና ብዙ ይቀራል። በጸሎት ኅብረታችንም ፊት ቆመን ያን የሐሰት ምስክርነታችንን አርመናል፤ ከአያ ይቅርታ ከመጠየቅ የከበደን ይህ ነበር ማለት ይቻላል። ዘንድሮ ለፋሲካ በግ አልላክንለትም። እሱ ነው በማግስቱ በልጃችን እጅ እንቁላል የሰደደልን። ልጃችን እንቁላሉን አስቀምጣ "ቃልም ልኳል" አለች። ምን አለ ብለን ጠየቅናት።

"ንገሪያቸው፣ ቆጥሬዋለሁ ብሏል" አለች።

ለራሳችን የምናነሣቸው ጥያቄዎች፦

በስጦታ የሸፈንነው፣ በአንደበታችን ግን ያልጠራነው በደል አለን? ስለ ጌታ ስም እንደመጣብን የምንናገረው መከራ በእርግጥ ስለ ስሙ ነው ወይስ ስለ ሥራችን? ዛሬ በእግራችን ልንሄድበት የሚገባን ደጅ የማን ነው?

ጸሎት፦

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ እኛ ጠላቶች ሳለን አንተ ራስህ ስለ መጣህልን እናመሰግንሃለን። የመጨረሻውን ጦርነት በመስቀል ስላሸነፍህልን ክብር ላንተ ይሁን። በልጅና በስጦታ ጀርባ የተሸሸግን እኛን አውጣን። የበደልነውን በስሙ እንድንጠራው፣ የቆረጥነውን እንድንቆጥረው ድፍረት ስጠን። የወንድማችንንም ልብ አንተ በጊዜህ ፈውስ። አሜን።